ቶሎ የማይበርድ ድንጋይ

ጨረቃ ላይ የሞተ ሰው ሬሳው ወደ ምድር አይመለስም የተባለበት ዘመን ነው። አንዷለምንም የሥራ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረው፣ እንደ አገራቸው ወግ ድንጋይ ከመሩበት።

ሚስቱ ሰናይት እቤቷ ተቀምጣ የጨረቃን መሬት በየዓይነቱ ትመድባለች። ራዳሩ ሸካራውን ከለስላሳው ይለይላታል፤ የሙቀት ካሜራው ደግሞ ጨረቃ ላይ ሲመሽ ሙቀት ይዞ የሚቆየውን ያሳያታል። ድንጋይ ቶሎ ስለማይበርድ የአንዷለም ክምር ዳለቻው ሜዳ መሀል ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። አማቷ እማማ ደብሪቱ ነጥቡን ባዩ ቁጥር፣ "ተመስገን፣ ልጄን አልበረደውም" ይሉና የራሳቸውን ጋቢ ይደርባሉ።

ዛሬ የዚያ ሜዳ ተራ ደረሰ። ሰናይት "ድንጋይ" ካለችው የድንጋይ መፍጫ ማሽን መጥቶ ለመንገድ ይፈጨዋል። "አፈር" ካለችው ማንም አይነካውም፤ አፈር ወደተባለ ቦታ ግን ካሜራው ዳግመኛ አይዞርም።

"ምን ልበለው፣ እማማ?"

"ይኼ ምኑ ይጠየቃል? አፈር በይው።"

"ከዚያ በኋላ እኮ አናየውም።"

"አባቱንም ከቀበርኩት ወዲህ አይቼው አላውቅም። የሞተ ሰው ወጉ እንደዚያ ነው።" ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ጠጋ አሉ። "ብቻ አትቸኩይ። ምን ያጣድፍሻል?"

ሁለቱም ማያውን እያዩ ቁጭ አሉ። የቀረበው ሽሮ በረደ፤ ድንጋዩ ግን ገና ነበር። ቆይቶ ቆይቶ ቀዩ ነጥብ ደበዘዘና ከሜዳው ጋር ተመሳሰለ። ያን ጊዜ ሰናይት "አፈር" ብላ መደበችው፤ ለዓይን ውሸት አይመስልም ነበር።

ራዳሩ ብቻ፣ ሸካራ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ።