ሳህኗ ቢጫ ስትሆን

ሰብሊ ትንሿን የላብራቶሪ ሳህን የፈረሰውን ካዛንቺስ ወደሚያሳየው መስኮት አስጠግታ አየቻት። ትናንት ሮዝ የነበረው፣ ሴሎቹን የሚመግበው ፈሳሽ ቢጫ ሆኗል። ከእናቷ የካንሰር ዕጢ የተወሰዱት ሴሎች ላክቴት የተባለ አሲዳማ ተረፈ ምርት አመንጭተው አኮምጥጠውታል። ላክቴት በጤነኛ ሰውነት ውስጥ ዲኤንኤ በተጠመጠመባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተለጥፎ ቁስል የሚያሽሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ እዚህ ግን ካንሰሩን ያፋፋል። ፈሳሹ ዛሬ ካልተቀየረ ሴሎቹ ይሞታሉ።

እናቷን የገደሏት እነሱ ናቸው። ከእናቷ በሕይወት የቀሩትም እነሱ ብቻ። ከነጩ ጋዋን ስር ጥቁሯን እንደለበሰች፣ እጇን ሴሎችን ገድሎ ለመጣል በተቀመጠው በረኪና ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች።

«ልጄ፣ ሁሉም ለበዓሉ ሄዷል እኮ፤ ልቆልፍ ነበር። ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አሉ ዘበኛው ጋሽ አምኃ ከበሩ።

በረኪናውን ገፋ አድርጋ አዲሱን ሮዝ ፈሳሽ ከፈተች።

«አይ ጋሼ፣ ሁለት ነን።»