ሲቪክስ ክፍለ ጊዜ ላይ እጇን ያወጣችው ተማሪ

«በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው ያልኳችሁ! የመጽሐፉን አይደለም!»

የሲቪክስ መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና ወደ ተማሪዎቹ ተጠጋ...

ሱፐርቫይዘሯ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ታየዋለች።

የመጣችው እሱን ልትገመግም ነው። ትምህርት ቤቱ የዓመቱ አርአያ መምህር እንዲሆን አጭቶታል።

እውነት ለመናገር፣ ገና ክፍለ ጊዜው ሳይጋመስ በልቧ አጽድቃለታለች።

ስንቱ መምህር ከመጽሐፍ ላይ እያነበበ ተማሪ ሲያስተኛ አይታለች! እዚህ ግን የሚያዛጋ እንኳን የለም።

«መብት ማለት ፈተና ላይ የምታጠቁሩት መልስ አይደለም» አለ መምህሩ። «ሲነጠቅ ያያችሁት ካለ... ንገሩኝ።»

አንዱ ተነስቶ፣ የአውቶቡስ ሾፌር በክራንች የምትሄድ ሴትዮ እያየ ጥሏት እንደሄደ ተናገረ።

ሌላው፣ አከራያቸው ሳያስጠነቅቅ ዕቃቸውን ደጅ ስላወጣባቸው ጎረቤቶቹ አወራ።

ከዚያ... ከመሃል ረድፍ አንዲት ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ተማሪ እጇን አወጣች።

መምህሩ ትንሽ አመነታ። «እሺ... አንቺ።»

ልጅቷ ተነሳች። 

«ቲቸር... እኔ የማውቃት ልጅ አለች። እኩያዬ ናት። ከገጠር ስትመጣ ለእናቷ "እናስተምራታለን" ተብሎ ነበር። እስካሁን የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።»

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ...

«ሰው ሳይነሳ ትነሳለች። የምትተኛው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው... ወጥ ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ። አንድ ቀን መጽሐፍ ከፍታ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አገኘኋት። እያነበበች መስሎኝ ነበር...»

ቀና ብላ መምህሩን አየችው።

«...መጽሐፉን የያዘችው ዘቅዝቃ ነው።»

«ውይ!» አለች ጓደኛዋ።

«ይሄማ ግፍ ነው!» ከወዲያ አንዱ ጮኸ። «ሰዎቹ አልተማሩም እንዴ?!»

«ተምረዋል» አለች ልጅቷ።

መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ሱፐርቫይዘሯ በደንብ አየችው... የምሩን ነው የተናደደው።

«ስሙኝ ልጆች!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «የልጅ ጉልበት እየበላ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው፣ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ምንም ነገር ማውራት የለበትም! አንቺስ ለምን ዝም አልሽ? ፊት ለፊት አትነግሪያቸውም?»

«ፈራሁ...»

«እውነት ይዘሽ ምን ያስፈራሻል? የማን ቤት ነው? ንገሪና!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ...

«አባዬ... የኛ ቤት ነዋ!»

ሱፐርቫይዘሯ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

አባዬ?!

«የለበስከውን ሸሚዝ እንኳን የተኮሰችልህ እሷ ናት...»



 የመምህሩ እጅ ወደ ኮሌታው ሄደና እዚያው ደርቆ ቀረ።

ሱፐርቫይዘሯን ክው ያደረጋት ልጅቷ መናገሯ አይደለም።

ሰውየው አለማወቁ ነው!

የገዛ ቤቱ ጉድ ፊቱ ላይ ሲዘረዘር እየሰማ... የሌላ ሰው ቤት መስሎት ነበር!

ተማሪዎቹ አሁን ይጮህባታል፣ ከክፍል ያስወጣታል ብለው ጠበቁ።

እሱ ግን ፊት ካለው ዴስክ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። 

«ተቀመጪ ልጄ» አላት። «ልክ ነሽ።»



ደወሉ እንደተደወለ ሱፐርቫይዘሯ ኮሪደር ላይ ደረሰችበት። ልክ ልኩን ልትነግረው ነው። «አንተን ብሎ አርአያ!» ልትለው አፏን ስታሟሽ...

ስልኳ ጠራ። ከቤት ነው።

«እትዬ፣ ልብሱን አጥቤ ጨረስኩ። ምንጣፉን አሁን ላውጣው ወይስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ካመጣኋቸው በኋላ?»

ቀጭን ድምፅ...

የልጅ ድምፅ!

ሱፐርቫይዘሯ ግድግዳውን ተደገፈች። ይሄን ድምፅ በየቀኑ ትሰማዋለች። የልጅ መሆኑን ግን ዛሬ ገና ሰማችው።

«እትዬ? ይሰማል?»

«የኔ ልጅ...» አለች እንደምንም። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»



ልጅቷ ከወዲያ ማዶ እየፈራች እንዲህ አለች፦

«እትዬ... ምን አጠፋሁ?»

ሱፐርቫይዘሯ ስልኩን ዘጋችና መምህሩን አየችው። እሱም አያት። ልክ ልኩን ሳትነግረው ወደ ቤቷ ሄደች።

አርአያነቱ ለሌላ መምህር ተሰጠ። እሱም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም።

በቀጣዩ ምዝገባ ግን በመምህሩም በሱፐርቫይዘሯም ቤት ይሠሩ የነበሩት ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። ከነሱ በብዙ ከሚያንሱ ሕፃናት መሃል፣ ጉልበታቸው ዴስክ ሥር አልገባ እያለ... ፊደል ቆጠሩ።

የሱፐርቫይዘሯን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልሳቸው አሁን አባታቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተነጫንጮ ነበር... ለመደው።

የመምህሩ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሳህኑን ታጥባለች። እኩያዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

ወዳጆቼ... ሰው ቤት ስናየው «ግፍ ነው» ብለን የምንጮህበትን ነገር፣ እኛ ቤት ሲሆን «እያሳደግናት ነው» እንለዋለን። ስለ ፍትሕ ከማውራታችን በፊት ወጥ ቤታችን ገብተን እንይ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

ልጅቷ አባቷን በሰው ፊት ማጋለጧ ልክ ነበር? ወይስ ቤት ውስጥ ብቻዋን ልትነግረው ይገባ ነበር? እናንተ ብትሆኑስ... ትናገሩ ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።