የአሸናፊዎች ሰልፍ

«እናቴ፣ ከዚህ በር በኋላ አሸናፊዎች ብቻ ናቸው የሚገቡት» ይላል አስተናባሪው፣ እጁን የተሽከርካሪ ወንበሩ መግፊያ ላይ አሳርፎ። «እሳቸውን እኔ እገፋለሁ፤ እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

ሴትዮዋ መግፊያውን ትለቃለች። ለመልቀቅ እንግዳ አይደለችም።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው በአመታቷ ፍጥነት «ንቧ» የሚሏት ናት። ምርጥ የባድሜንተን ተጫዋቾች ከየአገሩ የሚፋለሙበትን የወርቅ ላባ ዋንጫ አራት ጊዜ በልታለች፤ ሦስቱን በፍጻሜው ይህችኑ የምትገፋትን ሴት አሸንፋ። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ተመልካቹ «ሁለተኛዋ» ይላት ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። የሰፈሯ ባለሱቅ እንኳን ምክንያቱን ሳያውቅ እንደዚያው ነው የሚጠራት።

ዛሬ ከፍጻሜው ግጥሚያ በፊት በሕይወት ያሉ የቀድሞ አሸናፊዎች በሙሉ፣ ባሸነፉበት ዓመት ተራ፣ ሜዳ ሊገቡ ኮሪደሩ ውስጥ ተሰልፈዋል። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የአዲስ ቀለምና የጡንቻ ቅባት ይሸታል።

ከሁሉም ፊት የመጀመሪያው አሸናፊ ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ያወራሉ። «በእኛ ጊዜ አዳራሽ የት አለና! እህል መጋዘን ውስጥ ነበር የምንጫወተው። በሩን ስንዘጋው በሙቀት እናልቃለን፤ ስንከፍተው ነፋሱ የላባ ኳሷን መልሶ ለመቺው ያስረክባታል። እኔማ ያሸነፍኩት ሰው አይደለም፣ ነፋሱን ነው።»

ከኋላቸው ረጅሙ ቆሟል። ማሸነፉን ከማብዛቱ የተነሳ «ዋንጫውን ቤቱ ድረስ ላኩለትና እኛም እንረፍ» የተባለለት እሱ ነው። ከእሱ ቀጥላ ደግሞ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሕፃኗን አጥብታ፣ ለእናቷ አስታቅፋ፣ ወጥታ ዋንጫ የበላችው አለች። ሁለተኛዋ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። የአንዳንዶቹን የራኬት አመታት ዓይኗን ጨፍና ዛሬም ልታየው ትችላለች። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጋር አንድ ሜዳ ረግጫለሁ፣ ይበቃኛል፣ ትላለች በልቧ።

«አቁም» ትላለች ንቧ።

ስትሮክ ከመታት ወዲህ ምላሷ ይከብዳታል። ያ ሳይታይ የሚናደፍ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ማን ግፋኝ አለህ?»

«መመሪያ ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» ሁለተኛዋ ትጎነበስላታለች። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ አንቺን ሊያይ አይደል የመጣው? ግቢ። እኔ እዚሁ ሆኜ አጨበጭባለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ።»

በሩ ይከፈታል። ጋሼ ይጠራሉ፤ ጩኸቱ ኮሪደሩን ያናውጠዋል። ሰልፉ ወደፊት ሲንቀሳቀስ የንቧ ወንበር ግን ባለበት ነው። አስተናባሪው ግንባሩን እየጠረገ በመገናኛ ሬዲዮው ይለማመጣል። «ያለሷ አልገባም ብለዋል… አይ፣ ጓደኛቸው አሸናፊ አይደሉም… አዎ፣ ምርር ብለዋል… እሺ።»

«ልጄ፣» ይላል ረጅሙ ተራው ደርሶ ወደ በሩ ከማለፉ በፊት ዞር ብሎ፣ «እሷ እንቢ ካለች እንቢ ናት። እኛም ሜዳ ላይ አይተናታል።»

አስተናባሪው ይመለሳል። «ተፈቅዷል። ግን አስተዋዋቂው እሳቸውን ምን ብዬ ልጥራ እያለ ነው።»

«ሁለተኛዋ በሉኛ፤ ለምጄዋለሁ» ትላለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

ንቧ አትስቅም። «እንቅልፍ የነሳችኝ በሏት።»

«ምን አሉኝ?»

«ሰምተሃል። ከሌላው ጋር ስጫወት በዋዜማው ለጥ ብዬ ነበር የምተኛው። ከእሷ ጋር ሲሆን ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ይነጋል። በየት በኩል እንደምትመጣብኝ…» ትንፋሽ ያጥራታል፤ ምራቋን ውጣ ትቀጥላለች። «ይሄ እጅ የፈጠነው እሷን ፈርቶ ነው። እንዲሁ ብሎ ይጥራት።»

ሁለተኛዋ ቀና ትላለች። ከእነዚያ ፍጻሜዎች በኋላ ንቧ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ላብ እንኳን የነካት ሳትመስል ስትወጣ ትዝ ይላታል። እኔንማ በሩን ሳትሻገር ትረሳኛለች፣ ብላ ነበር። ስንት ዘመን እንዲህ ብላ ኖራለች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንድታሸንፊኝ?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይስቃሉ፤ ሁለተኛዋ ግን ሳቋ መሃል ላይ ይሰበርና ዓይኗን በእጅጌዋ ታብሳለች። መግፊያውን ትይዛለች። አስተናባሪው ሳይታዘዝ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል።

አስተዋዋቂው ንቧን ይጠራል። ቀጥሎ «እንቅልፍ የነሳቻትም!» ሲል አዳራሹ ከላይኛው መቀመጫ ጀምሮ ይነሳል። ሊጋጠሙ የተዘጋጁት ሁለቱ ወጣት ሴቶች በመዳፋቸው የራኬቶቻቸውን ክር እየመቱ ያጨበጭባሉ።

የሜዳው ምንጣፍ ለስላሳ ነው፤ ጎማው ይከብዳል።

«ግፊ እንጂ፣ ምነው ደከምሽ?» ትላለች ንቧ።

«አንቺ ነሽ የከበድሽ!»

ሜዳው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ አንዲት ልጅ መቆሚያቸውን በእጇ ታመለክታቸዋለች። ወንበሩ ይዞርና ይቆማል። መረቡ ከፊታቸው ነው። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ወገን ሆነው ያዩታል።