ከዳገት የበዛ ዳገት

በሰባት ወረዳ ዳገትን እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። ዛፍና ሰብል አብሮ የሚበቅልበትን ተራራ በካርታ የምትለይ ባለሙያ ስትመጣ፣ የፖም ችግኝ ዳገት ላለው ይሰጣል ሲባል ሰምቼ፣ "የእኔን ማሳማ ዝንጀሮ እንኳ ምርኩዝ ይዞ ነው የሚወጣው" አልኳት።

ካርታው ሲለጠፍ የጎረቤቶቼ ማሳ አረንጓዴ ሆነ። የእኔ ብቻ ቀይ፤ ዳገቱ ስለበዛ ከእንግዲህ አይታረስም ተባለ። ልጆቼ የሚበሉት ገብስ በምላሴ ሊጠፋ ነው።

ባለሙያዋ ጋ ሮጥኩ። "ልጄ፣ ዋሽቼ ነው። ማሳዬ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው።"

"ሲዋሽ ኖሯል፤ መዋሸቱን ሲያምን ገና ዛሬ ሰማን" አለ ጎረቤቴ።

እሷ ግን አልሳቀችም። "ጋሼ፣ የእርስዎን ወሬ መቼ ጻፍኩት? የለካሁት በመሣሪያ ነው። እርስዎማ ቀንሰው ነው የነገሩኝ።"