የአበባ ማጠጫው

ሃምሳ አለቃው ወደ አዲሱ የምድብ ቦታቸው የሚሄደውን ዕቃ በገዛ እጁ የጭነት መኪናው ላይ ጭኖ፣ ገመዱን እያጠበቀ «የቀረ ነገር አለ?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነው የሰነበተችው። የአበባ ማጠጫውን እንዳቀፈች፣ ቤቱን ልትረከብ ከነጓዟ ደጃፍ ላይ ወደ ቆመችው የሌላ ወታደር ሚስት ሄደች።

«እህቴ፣ ከካምፑ አጥር ጀርባ ልጄ ተቀብራለች። ጽጌረዳ ተክዬላት ነበር፣ ገና ሥር አልሰደደችም። ዝናቡ እስኪገባ ብቻ አጠጪልኝ፤ የምድር የሰማይ አደራ።»

ሴትየዋ እጀታውን ያዘችና አቀረቀረች። «እኔ የልጄን የሚያጠጣልኝ ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት» አለች።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ባልየውም ተጣራ። የማጠጫውን እጀታ ግን ሁለቱም ሴቶች አልለቀቁትም።