ከፍ ያለችው ፒክአፕ

በድሩ የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ ክሪኩን ሲለቀው መኪናዋ ቀስ ብላ ወረደችና በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ቆመች። ኤርካሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አያት። ሃያ ሰባት ዓመት የነዳት፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ፒክአፕ በስተርጅና ቁመት አውጥታለች።

«ወላሂ ጋሼ ኤርካሎ፣ አሁን ከቦምቤ ወዲያ ያለውን ጉብታ ብቻ ሳይሆን ገደልም ትወጣለች» አለ በድሩ። የአረካ መውጫ ላይ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲሁ በከንቱ አያሞግስም።

«መሪው ሲዞር ጎማው በላዩ ያለውን የቆርቆሮ ጠርዝ አይነካም?»

«ይነካ ነበር! በመዶሻ ወደ ውስጥ መታሁት እኮ። ጠዋቱን ሙሉ ስደበድብ የት ነበሩ?»

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጉንጭ ውሃ ነው። የኤርካሎ ሚስት ቦሼ ኦቶና ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝታ ስትወጣ፣ ሐኪሙ ኤርካሎን ለብቻው ጠርቶ «ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን፤ ያማራትን አይከልክሏት» አለው። ኤርካሎ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሞ «ሐኪሞቹ ራሳቸው ሕክምና በቃት አሉ!» ብሎ መሰከረ። ሰው ሁሉ ሃሌሉያ ሲል ቦሼ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትል ነበር።

ያማራት ደግሞ ያደገችበት መንደር የምንጭ ውሃ ሆነ። ልጃቸው ሩት በሞተር ሰው ልካ አንድ ጄሪካን አስመጣችላት። ቦሼ አንዴ ተጎንጭታ አስቀመጠችው። «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። እዚያው ሄጄ በእጄ ካልቀዳሁት ምኑን ውሃ ሆነ?»

በጊፋታ በዓል ሰሞን ሊወስዳት ሞከረ። ከቦምቤ ወዲያ የመኪናዋ ሆድ መሃል መንገዱ ላይ ባለው ጉብታ ተቀመጠና ቀኑን ሙሉ ሲገፉ ውለው ተመለሱ። ቦሼ እስከ ቤታቸው እስከ ሶዶ ድረስ ወደ ኋላ ወደ ተውት መንገድ ዞር እያለች ታይ ነበር። ይህም የኤርካሎን አንጀት በላው። መቼም ኤርካሎ አንድ ነገር ከያዘ እንደ መዥገር ነው፤ ከተሰበረ ላንድክሩዘር ላይ የተፈቱ ትልልቅ ጎማዎች እስኪያገኝ እንቅልፍ አልነበረውም።

«ነይ እንግዲህ ቦሼ! ሠረገላሽ ቆሞልሻል!»

ቦሼ ጥላው ሥር ካለው አግዳሚ ተነሥታ በምርኩዟ እየተደገፈች መጣች። የጋቢናውን በር ያዘች። እግሯን አነሣች፤ አልደረሰም። ትንፋሿን ሰብስባ ደግማ አነሣች፤ አሁንም አልደረሰም። የጨመረው ግማሽ ስንዝር ነው፤ ለቦሼ እግር ግን ግማሽ ስንዝር ተራራ ነው።

ኤርካሎ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አይ የኔ ነገር! የጉብታውን ቁመት ሄጄ ለክቼ፣ አጠገቤ ያለውን ያንቺን እግር ሳልለካ!»

«ለድንጋዩ አሰብክለትና እኔን ረሳኸኝ» አለች ቦሼ፣ ሳቋም አመለጣት። ከጊፋታ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ኤርካሎ ግን ማልቀስ ዳዳው።

«ፍታው በድሩ። የድሮዎቹን መልስልኝ።»

«ምን? ጠዋቱን ሙሉ ለፍቼ!»

«እንዳትነካው!» አለች ቦሼ። በምርኩዟ ግድግዳው ሥር የተጣሉትን አራት አሮጌ ጎማዎች አሳየች። «እነዚያን ደርድርልኝ።»

በድሩ ሁለቱን ደራርቦ ከበሩ ሥር አስጠጋ፤ አንዱን ደግሞ ከፊታቸው አጋደመላት። እሱ ግራ ክንዷን ኤርካሎ ቀኝ ክንዷን ያዙ። አንዱ «ቢስሚላህ» ሌላው «በኢየሱስ ስም» ሲል ቦሼ በመሃል ወጣችና ቁጭ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ የአረካን መንገድ ከላይ ወደ ታች አየችው። ፊቷ ፈካ። ኤርካሎ ይህን ፊት ካየ ሰንብቷል፤ ናፍቆትም ኖሯል።

«በል በድሩ፣ አሮጌዎቹን ከኋላ ጫንልኝ» አለ። «እዚያ ስትወርድ ያስፈልጓታል።»

«ለመውረዱማ ወንድሞቼ አሉ። ተሸክመው ያወርዱኛል» አለች ቦሼ።

«መውረዱስ ይሁን። ስንመለስ በምን ትወጫለሽ?»

ቦሼ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ከዚያ በወላይትኛ፣ ለእሱ ብቻ እንደሚነገር ነገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሩት አባት፣ ለበድሩ ተውለት። ለሌላ ሰው ይሆናሉ» አለችው።

ኤርካሎ ሊከራከራት አፉን ከፈተ። ከኋላ ቦታ ሞልቷል፣ ምን ያጣብባሉ ሊላት ነበር። ፊቷን አየው። የምትሄደው ልትመለስ አልነበረም። ይህን እሷ ስታውቅ ከርማለች፤ ያላወቀው እሱ ብቻ ነው።

አንደኛውን ጎማ አነሣ።

«ጋሼ፣ ይተዉት እኔ ልጫነው» አለ በድሩ።

«ተወኝ!»

አንደኛውን ጫነ፤ ሁለተኛውን ጫነ። ሦስተኛውን ሲጭን ወገቡን ያዝ አደረገ። ከጋቢናው የቦሼ ድምፅ መጣ፤ «ወገብህን፣ አንተ ሰው! ኋላ ማን ያሽልሃል?»

አራተኛውንም ጫነው። የኋላውን በር ገፍቶ ዘጋና መወርወሪያው መግባቱን በእጁ ነካ አድርጎ አየ። ገብቷል። ደግሞ ነካው። በድሩ ዞር ብሎ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ኤርካሎ ገና እዚያው ቆሞ መወርወሪያውን እየነካካ ነበር።