ሦስተኛዋ ምስክር

ምስክሮቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ በየተራ፣ ጠበቃዋ ከሸሸገቻቸው ቤት ተወስደዋል። ሁለቱንም ጊዜ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ፖሊሶች ቀድመዋት ደርሰው ነበር።

የቀረችው፣ ልጇ እስር ቤት ውስጥ ተደብድቦ የሞተባት እናት ናት። ሰኞ ችሎት ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል፤ ልጁም ታሞ እንደሞተ ተቆጥሮ ይቀራል።

ጠበቃዋ ማልቀስ ካቆመች ሰንብታለች። ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ሌላው ሁሉ ደንዝዞባታል።

መሸሸጊያዎቹን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ እሷ፣ መኪናዋን የሚነዳላት የእህቷ ባልና ፈረንጇ። ፈረንጇ በፈቃደኝነት ከባሕር ማዶ መጥታ፣ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሳ ከጠበቃዋ ጎን የማትለይ ናት። የውጭ ሰው አብሮት ያለውን ሰው ማንም አይደፍርም ባይ ነው ድርጅቷ። ስለዚህ ሥራዋ መታየት ነው። የድርጅቱ ሰዎች ድብብቆሽ አያውቁም፤ ነገራቸው ሁሉ በግልጽና በጽሑፍ ነው። የስምምነቱ ሰነድ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነበር። ደንበኞቿን «ሳታነቡ እንዳትፈርሙ» እያለች የምታሰለቸው ጠበቃ ሳታነብ ፈረመች። ጊዜ ከየት ይምጣ?

የእህቷ ባል ወሬ ይወዳል። ጋራዥ በሄደ ቁጥር ካገኘው ሁሉ ጋር ሲጫወት ይውላል። የአጎቱ ልጅ ደግሞ ፖሊስ ነው።

«ቁልፉን አምጣ» አለችው ሐሙስ ጠዋት።

«እኔ ነኝ ምስጢሩን ያወጣሁት እያልሽ ነው?»

«ቁልፉን።»

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወዲያው እህቷ ደውላ አፏ እንዳመጣላት ሰደበቻት። ጠበቃዋ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ሰማቻት። ምንም አልተሰማትም።

ከዚያ ራሷ እየነዳች እናትየዋን ወደ ሌላ ቤት አዛወረቻት። ስትመለስ ለፈረንጇ ብቻ ነገረቻት።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሄደን ቃሏን እንቀበላለን። ከወተት ማከፋፈያው ጀርባ ነው። ቤቱን ስንደርስ አሳይሻለሁ።»

«አብሬሽ ነኝ» አለች ፈረንጇ፣ ማስታወሻዋ ላይ እየጻፈች።

አርብ አራት ሰዓት ሲደርሱ በሩ ተበርግዷል። አልጋው ሳይነጠፍ ባዶውን ቀርቷል። ደጃፉ ላይ የቆመው የፖሊስ አዛዥ ጠበቃዋን አልፎ ለፈረንጇ እጁን በትሕትና ዘረጋላት።

«የጉዞ ማሳወቂያ ደብዳቤዎ እንደ ወትሮው ትናንት ደርሶናል፤ ዛሬ ግን የቤቱን ቁጥር ስላልጻፉልን ትንሽ አደከመን።»